የቀሩት አሥራ አንድ ብልቃጦች

ዶክተሯ የተገኘችው በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ቀኝ እጇን በተዘረጋ ደብተር ላይ አሳርፋ ነበር። እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛዋ መጀመሪያ እንቅልፍ መስሏት የላቦራቶሪውን የማረፊያ ክፍል በር ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። ኮሪደሩን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ልቧ አልቆረጠላትም። ተመልሳ ገብታ እጇን ብትነካው ቀዝቅዟል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እመት ለምን» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፤ አልተቀየመችም። አዲስ ክፍል ስትገባ ሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳትነካ መቆም ልማዷ ነው። ከዚያ ደብተሯ ላይ ሦስት ዓምድ ታሰምራለች፦ ያለው፣ ሊኖር ሲገባ የሌለው፣ ያለ ምክንያት የተገኘው።

በመጀመሪያው ዓምድ ሶፋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ስልክ፣ በብረት ሳህን ላይ የተቀመጠ ባዶ ብልቃጥና መርፌ ጻፈች። በሁለተኛው ለሆስፒታል የተደወለ ስልክ። በሦስተኛው ደግሞ ወንበር ላይ የቆመና ገና የሚበራ ቀይ መብራት፣ ጫጩት የሚሞቅበት ዓይነት፤ አጠገቡም ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ የያዘ ፔርሙዝ።

የሟቿ ደብተር የሟቿን ጠባይ ይመስላል፤ ሰዓቱ በግራ፣ የታየው በቀኝ ሰፍሯል። ያለፉት ሦስት እሁዶች ሦስት ገጽ ይዘዋል። በሦስቱም መርፌው ከተወጋ በኋላ ያለው ቃል አንድ ነው፦ «ደህና ነኝ።» አራተኛው ገጽ ሌላ ነው።

«2፡00 አራተኛው መርፌ፣ በደም ሥር። 2፡50 ብርድ ብርድ አለኝ። 3፡15 መንቀጥቀጥ፤ ሙቀት 39.4። 4፡00 አስመለሰኝ። ለጋሼ ደወልኩ። 4፡40 ሰው ብጠራ መድኃኒቱን ያቆሙታል፤ ትንሽ ልታገሥ። 5፡30 ጣቶቼ ሰማያዊ ሆኑ። 6፡10 ለእሷ»

ጽሑፉ እዚያ ላይ ተቋርጧል።

መርማሪዋ የመጨረሻዋን ቃል ደጋግማ አየቻት። እርሳሱ ወረቀቱን ለመብሳት ጥቂት ነው የቀረው።

ሰኞ ጠዋት ሕንጻውን ዞራ አየችው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ክንፍ አለ፤ በቀኝ ወፎች፣ በግራ ጥንቸሎች። መካከል ላይ ኮሪደር፣ በኮሪደሩ ላይ ሁለቱም ወገን የሚጠቀሙበት ቁልፍ ያለው ፍሪጅ። ቁልፉ የነበረው በሦስት ሰዎች እጅ ነው፦ በሟቿ፣ የጥንቸሎቹን ክንፍ በሚመራው ወጣት ዶክተር፣ እና ወፎቹን በሚጠብቀው በሟቿ ታላቅ ወንድም። ወንድምየውን ቤቱ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚለው። አራተኛ ሰው ቢታከል የሟቿ ባል ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚስቱ ቁልፍ ከፍሪጁ ውሃ ሲያወጣ ታይቷል። ለእሁድ የተዘጋጀው ብልቃጥ ያን ጊዜ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።

የጥንቸሎቹን ዶክተር ብርጭቆዎች ከምድጃ ሲያወጣ አገኘችው። ንጹህ የሚመስል ብርጭቆ ለምን በሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ እንደሚጋገር ጠየቀችው።

«ንጹህ አይደለም» አላት። «የባክቴሪያ ልጣጭ፣ ሲሞት የሚተወው ቅርፊት፣ ቢቀቅሉት አይጠፋም፤ መቃጠል አለበት። አምና ከወፎች ቤት በጓንት ላይ የመጣ ብናኝ ሁለት ጥንቸል ፈጅቶብኛል።»

በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ከወፎች ቤት የመጣ ዕቃ አይግባ» ይላል።

ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቀው ቁጭ አለ። «የሰውነትን መከላከያ እንደ ጦር ይቁጠሩት። ጠላት ሲመጣ የሚቀሰቅሰው ዘረመል አለ፤ ጠላት ሲሄድ ‹ይብቃ› የሚለውም አለ። የዶክተሯ ልጅ ‹ይብቃ› የሚለው ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ነው የደረሳት። ጦሩ ጠላት ሲያጣ አንጀቷን ይበላል፣ ደሟን ይበላል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

«ወፎቹ ምን አገባቸው?»

«እኛ አጥቢዎቹ የያዝናቸውን ብዙ ዘረመሎች እነሱ ጥለዋል። ያም ሆኖ ራሳቸውን አይበሉም። በጥቂት ዕቃ ሰፊ ቤት ያስተዳድራሉ። እሷ ስምንት ዓመት የወፍና የእኛን ልጓም ስታነጻጽር ኖረች። መድኃኒቱ ከዚያ የወጣ ነው። ባክቴሪያ ውስጥ አሳድጋ፣ አጣርታ፣ በገዛ እጇ አሥራ አምስት ብልቃጥ ሞላች። አራቱን በራሷ ላይ ሞከረች። ከዚያ ለልጅቷ ልትሰጥ ነበር።»

«እርስዎ ግን ከሰዋታል።»

ፊቱ ቀላ። ሁለት ዓመት በጥንቸል ይሞከር ብሎ የላቦራቶሪውን ሥራ ለሚቆጣጠረው ኮሚቴ መጻፉን አልካደም። መልሷንም ነገራት፦ «ልጄ ሁለት ዓመት የላትም።» ከዚያ በኋላ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም። አሁን ቦታዋን የያዘው እሱ ነው።

ረፋዱ ላይ የምርመራው ውጤት ደረሰ። በባዶው ብልቃጥ ጥግ በቀረችው ጠብታ ውስጥ ያ የባክቴሪያ ልጣጭ እጅግ በዛ ብሎ ተገኝቷል። ኮሚቴው ጊዜ አላጠፋም። መድኃኒቱ በባክቴሪያ ውስጥ ያደገ ስለሆነ ልጣጩ በደንብ አልተጣራም፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ለየብቻው በእጅ ስለተሞላ የአንዱ ንጽሕና ስለ ሌላው አይመሰክርም፤ ስለዚህ የቀሩት አሥራ አንዱ ረቡዕ በስድስት ሰዓት ይቃጠሉ አለ። ትእዛዙ የተሰጠው ለጥንቸሎቹ ዶክተር ነው።

መርማሪዋ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ባልየው በዚያው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ባለሙያ ነው፤ ከቅዳሜ ወዲህ ልብሱን አልቀየረም። ልጅቷ አልጋው ላይ ከትራሱ የምትበልጥ አትመስልም። እንግዳዋን አየት አድርጋ እናቷ ጉንፋኗ ለቀቃት ወይ ብላ ጠየቀች። አባቷ መርማሪዋን በክንዷ ይዞ ወደ በረንዳ አወጣት።

ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር መጣላታቸውን ሳይጠየቅ ተናገረ። «‹እኔ ሞቼ ካልሆነ ልጄን አትነኪያትም› ብያታለሁ። ያልኩት ይኸው ነው። የሞተችው ግን እሷ ናት።»

«ስለ ልጣጩ ያውቃሉ?»

«ደማቸው ተመርዞ የሚመጡትን የማስተኛው እኔ ነኝ። ከመቶ ስንቱ እንደሚነቃ ልንገርዎት?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐኪሞቹ ለልጅቷ ከሁለት ወር በላይ ዕድሜ አልሰጧትም። መድኃኒቱ እናቷን ገድሎ ከሆነ እጄ ላይ ቢያስቀምጡትም አልሰጣትም። ካልገደላት ግን ንገሩኝ። ለማንም አይደለም የምለምነው፤ ለእኔ ንገሩኝ።»

«እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት» አለችው።

ወደ ላቦራቶሪው ስትመለስ የጽዳት ሠራተኛዋን በረንዳው ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ አገኘቻት። ስልሳ ያለፋት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። የጥንቸሎቹን ዶክተር «ጆሮ» ትለዋለች። ቀይ መብራቱን መቼ እንዳየችው መርማሪዋ ጠየቀቻት።

«እሁድ አንድ ሰዓት ላይ ልጠርግ ስገባ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ልጄ። ፔርሙዙም አለ። እዚህ ቤት ዶሮ በመብራት ትሞቃለች፣ እኔ በመጥረጊያ። ለጥገና ያመጡት መስሎኝ ዙሪያውን ጠርጌ ወጣሁ።»

«ዶክተሯ ስንት ሰዓት መጣች?»

«ሁለት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ነዋ። ‹እማማ፣ ደህና አደርሽ› አለችኝ። እንደ ወትሮዋ።» መጥረጊያዋን ጥላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

መርማሪዋ አንድ ነገር ጻፈች፦ ዶክተሯ ከመምጣቷ በፊት፣ እንደሚበርዳት ያወቀ ሰው ነበር።

ወፎቹ ቤት ሞቅ ያለ፣ የገለባና የእህል ሽታ ያለው ነው። በአንድ ወገን ዶሮዎች፣ በሌላው ድርጭቶች። ጋሼ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ እጁ ሰፊ፣ ንግግሩ ቀስ ያለ ሰው ነው። ከእህቱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለውም። የራሱ የዶሮ እርባታ ሲዘጋ እዚህ ያስገባችው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ አምስት የመብራት ማንጠልጠያ አለ፤ መብራቱ ግን አራት ነው። ከአንደኛው ሥር አንዲት ነጭ ዶሮ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከድና ኩርምት ብላለች።

«ምን ሆናለች?»

«ዓርብ የበጠበጥኩትን ልጣጭ ተወግታ ነው። እህቴ ያስጀመረችው ሥራ አልቋረጥ ብዬ። እንዲህ ትደብታለች፤ ሙቀትና ስኳር ውሃ እሰጣታለሁ፤ ከምሳ በፊት መሬት ስትጭር ታያታለሽ።» ዶሮዋን በጣቱ ጀርባ ደባበሳት። «ዓመት ሙሉ ስንቱን ወግቻለሁ፤ አንዲትም አልሞተችብኝ።»

የጥንቸሎቹን ክንፍ ያውቀው እንደሆነ ጠየቀችው። አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም፤ የበሩን ማስታወቂያ አይቷል፤ የወፍ በሽታ እንዳይጋባባቸው ፈርተው ነው አላት። ስለ እህቱም አወራላት። በልጇ ምክንያት እንቅልፍም ምግብም ትታ ነበር። «ሰው መሆኗ ቀርቷል። ከስታ ስልሳ ሁለት ኪሎ ገብታ ነበርኮ። አትውጊው እያልኩ ለመንኳት። ይኸው ገደላት፤ ያልኩት አልቀረም።» እሁድ ስትደውልለት በረደኝ እንዳለችውና ተኚ እንዳላት ተናገረ።

መርማሪዋ እዚያው ቆማ ዶሮዋን ጠበቀች። ዶሮዋ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተነሥታ ላባዋን አራገፈች።

የመጨረሻው ሥራ ሚዛኑ ነበር። ዶክተሯ በላቦራቶሪው የደነገገችው ሕግ አለ፦ ማንኛውም ጠርሙስ ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ ይመዘናል፤ ክብደቱም አንገቱ ላይ በታሰረ ወረቀት ይጻፋል። ለወፎቹ የሚበጠበጠውን የልጣጭ ዱቄት የያዘው ጠርሙስ የመጨረሻ ጽሑፍ የዓርብ ነው። ከዓርብ ወዲህ ነካሁት የሚል የለም። መርማሪዋ ጠርሙሱን ሦስት ጊዜ አስመዘነችው። ሦስቱም ጊዜ የጎደለው ሠላሳ አንድ ሚሊግራም ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አራቱን በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው፤ ባልየውን፣ የጥንቸሎቹን ዶክተር፣ ጋሼንና የጽዳት ሠራተኛዋን። ጠረጴዛው ላይ የእሷ ደብተርና የሟቿ ደብተር ብቻ ነበሩ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ከመድኃኒቱ ጀመረች። የዶክተሯ ሰውነት መድኃኒቱን ጠልቶት ቢሆን ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ታብጥና ትታፈን ነበር፤ ደብተሩ ግን የመጀመሪያውን ብርድ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው የሚመዘግበው። ከዚያ ወደ ልጣጩ አለፈች። ኮሚቴው ልጣጩ ከጥንቱም መድኃኒቱ ውስጥ ነበር ይላል። ከሆነ ደግሞ፣ ሴትዮዋ ገና ሳትደርስ አንድ ሰዓት ላይ መብራትና ስኳር ውሃ ያዘጋጀላት ማነው? ከጠርሙሱ የጎደለውስ የት ገባ?

«ብልቃጡ ውስጥ የጨመረው ሰው እንደምትታመም ያውቃል» አለች። «እንደምትሞት ግን አያውቅም። ሊገድል የመጣ ሰው ጠርሙሱን ይገለብጣል እንጂ አይመዝንም፤ መብራትም አያበራም። ይሄ ሰው በጥንቃቄ ነው የመዘነው።»

ባልየው ቀና አለ። እሷ ወደ እሱ ዞረች። «እርስዎ አይደሉም። ይህ ነገር ሰው ሲገድል በየሳምንቱ ያያሉ፤ ለማስፈራራት ብለው አይነኩትም።» ወደ ወጣቱ ዶክተር ዞረች። «እርስዎም አይደሉም። በብናኝ ጥንቸል ሞቶብዎታል። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ልጣጭ ማለት ሞት ነው። ልጣጭ ማለት የግማሽ ቀን ድብታ የሆነለት ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ጋሼ አልዞረም። እሱ ራሱ ገና አልገባውም፤ ለሌላ ሰው የሚነገር ነገር እንደሚሰማ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ለዶሮ በኪሎ ስንት ነው የሚወጉት?» አለችው።

«አንድ ሚሊግራም።»

«እህትዎ ስንት ኪሎ ነበረች?»

«ስልሳ...» ብሎ አቆመ።

«ስልሳ ሁለት። የጎደለው ሠላሳ አንድ ነው። ሰው ናት ብለው በግማሽ ቀነሱላት።»

«አዎ» አለ ጋሼ፣ ምንም ሳይሸሽግ። «ትንሽ ብርድ ብርድ ቢላት ትፈራለች ብዬ ነው። ፈርታ ለልጅቷ አትሰጥም ብዬ። እሱ ግን ምን አደረጋት? ከምሳ በፊት የሚለቅ ነገር ነው። የገደላት መድኃኒቱ ነው።»

መርማሪዋ የጥንቸሎቹን ዶክተር አየችው። ወጣቱ ወንበሩን ወደ ጋሼ አዞረ።

«ጋሼ» አለው፣ «ልጣጩ ሰውነታችን ሲገባ በእኛ በአጥቢዎቹ ሁለት ደወል ይደወላል። በዶሮ አንዱ ብቻ ነው የሚደወለው። ሁለተኛውን የሚያገናኘው ዘረመል ዶሮ የላትም፤ ከጣለቻቸው አንዱ ነው። ለዚህ ነው የምትተርፈው። በሰው ሁለቱም ሲደወሉ ጦሩ በአንድ ጊዜ ይነሣና ደም ሥሩን ሁሉ ያፈርሰዋል። በኪሎ ቢያሰሉት... በኪሎ አይሰላም፣ ጋሼ። ከሠላሳ አንዱ አንዷ ለእሷ በዝታ ነበር።»

ጋሼ ሰፊ እጆቹን አንስቶ መዳፎቹን አያቸውና መልሶ ጭኖቹ ላይ አስቀመጣቸው።

«ደውላልኝ ነበር» አለ። «‹ጋሼ፣ በጣም በረደኝ› አለችኝ። ‹መብራቱ ሥር ሁኚ፣ ያልፋል፣ ማንንም አትጥሪ› አልኳት። ‹አንተ ካልክ እሺ› አለችኝ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባልየው ከወንበሩ ተነሣ፤ ሁሉም አንድ ነገር ያደርጋል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ሥራዋን መጨረስ ነበረባት። በእጇ ያለው መብራት፣ ቁጥርና የጠርሙስ ክብደት መሆኑን ለጋሼ ሳትደብቅ ነገረችው። ዝም ቢል ፍርድ ቤት የሚያቆመው ማስረጃ መሆኑን እርግጠኛ አይደለችም፤ ኮሚቴውም በዚህ ብቻ ሐሳቡን አይቀይርም። ልጣጩን በዚያ ብልቃጥ ብቻ፣ በዚያ ቀን ብቻ የጨመረው ሰው በፊርማው ካልመሰከረ መድኃኒቱ ነገ ይቃጠላል።

«ብጽፍ አሥራ አንዱ ይተርፋሉ?»

«አይቃጠሉም። ኮሚቴው እንደገና ያያቸዋል። ልጅቷን ያድናታል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ አላውቅም።»

«እሷ ታውቅ ነበር» አለ ጋሼ። «ሦስት ጊዜ ‹ደህና ነኝ› ብላለች። ያላመንኳት እኔ ነኝ።»

ወረቀት አቀረበችለት። እጁ ለቀጭን ብዕር የተሠራ አይደለም፤ ፊደሎቹ ትልልቅና የተራራቁ ነበሩ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ፍሪጁን እንደከፈተ፣ በየትኛው መርፌ በብልቃጡ ክዳን በኩል እንዳስገባ፣ ሌሎቹን እንዳልነካ፣ አንዱንም ሳይዘል ጻፈ። ዱቄቱን በስንት ውሃ እንደበጠበጠ ሲደርስ የጥንቸሎቹን ዶክተር የመለኪያውን አጻጻፍ ጠየቀው፤ ወጣቱም እያለቀሰ ነገረው። ገጹ ሊሞላ ሲል ብዕሩን አቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቱን ባል በዓይኑ ፈለገው።

«ለልጅቷ ምን ትላታለህ?»

ባልየው መስኮቱን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ የጋሼን እጅ አየ።

«ትደግ» አለ። «ካደገች እነግራታለሁ።»

«ትደግ» አለ ጋሼም። አንገቱን ደፍቶ ካቆመበት መስመር ቀጠለ።